ማማው ሲፈርስ

ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ወሩ የካቲት፣ ወሬው የማዳበሪያ ዋጋ። በግራ በኩል መስኮቱ ጥግ የተቀመጠች ልጅ የታቀፈች ሴት «ኧረ ጮቄ ላይ ጭስ አለ!» ስትል ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው አዞረ። ቀጭን ጭስ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ነፋስ ያጠፈው። አንዱ «ከሰል አክሳይ ነው» አለ። ሌላው ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲያቆጠቁጥለት ጓሳውን የለኮሰ እረኛ እንደሆነ ተከራከረ። ማር ቆራጭ ነው ያለም ነበር። ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት።

«የሚነደውን ተዉትና፣ ለመሆኑ ያን ጭስ የሚያየው ማነው?»

«ሁላችንም እያየነው አይደል እንዴ አባባ?» አለ ረዳቱ።

«ሁሉ ያየውንማ ማን ይናገረዋል ልጄ? አንዱ ሌላው ተናግሯል ብሎ ይተኛል፤ ሌላውም እንደዚያው።»

ወሬው ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን ጥያቄውን ይዞ ደብረ ወርቅ ወረደ፤ ከማርያም ገዳም ግርጌ ባለች ሻይ ቤት ከሽማግሌው ጋር አብሮ ተቀመጠ። ወሬያቸው ስለ ጮቄ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ያወሩት ስለ ማማ ነው።

የገጠር ልጅ ለሆነ ሰው ማማ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። አዝመራው ማሸት ሲጀምር አራት ቋሚ ይተከላል፤ ከላዩ ርብራብ ይደረደራል፤ ሣር ይለብሳል። ልጅ ወንጭፉንና ጅራፉን ይዞ ይወጣበታል። ከዚያ ላይ ሆኖ ወፉን ያባርራል፣ ጦጣውንና ዝንጀሮውን ይጠብቃል። «እኔ በሰባት ዓመቴ ነው የወጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «አባቴ ወንጭፍ ሰጠኝና ‹የዝንጀሮ መንጋ ከመጣ እሪ በል እንጂ ብቻህን አትግጠመው› አለኝ። የማማ ሥራ ማየትና መጮህ ነው። መግጠሙ የሠፈሩ ነው። እኔ ስጮህ ከወዲያ ማማ ያለው ልጅ ይቀበለኛል፤ እሱን ደግሞ ከዚያ ማዶ ያለው። ጩኸቱ ወንዝ ይሻገር ነበር።»

ሽማግሌው ሳያውቁት የተናገሩት ነገር አሜሪካኖች በብዙ ሕይወት ዋጋ የተማሩት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1910 በአይዳሆ፣ በሞንታናና በዋሽንግተን ግዛቶች የተነሣው እሳት በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ደን በልቶ ከ80 በላይ ሰዎች ገደለ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የደን አገልግሎት የተራራ ጫፎችን በእሳት መጠበቂያ ማማዎች ሞላቸው። በ1930ዎቹ፣ ሥራ አጥነቱ በከፋበት ዘመን፣ መንግሥት ያሰማራቸው ወጣቶች ማማዎቹን በብዛት ሠሩ። የማማው ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ አራቱም ግድግዳዋ መስኮት። መካከሏ ላይ ዊልያም ኦስቦርን የተባለ የደን ሠራተኛ የፈለሰፈው ክብ መሣሪያ ይቀመጣል። ክቡ ላይ የአካባቢው ካርታ ተለጥፏል፤ ዙሪያው በዲግሪ ተከፋፍሏል። ጠባቂው በማነጣጠሪያው ጭሱን ያያል፣ አቅጣጫውን በቁጥር ያነብባል፣ በስልክ ይናገራል። ሌላ ተራራ ላይ ያለው ጠባቂም የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱ መስመሮች ካርታው ላይ የሚቆራረጡበት ቦታ እሳቱ ያለበት ነው። አንድ ማማ ብቻውን አቅጣጫ እንጂ ቦታ አይሰጥም፤ እዚያም ቢሆን የወዲያው ማማ ካልተቀበለ ነገሩ ጎደሎ ነው።

ሥራው ብቸኝነትን የሚችል ሰው ይፈልጋል። ደራሲው ጃክ ኬሩዋክ እ.ኤ.አ. በ1956 ዴሶሌሽን በተባለው ተራራ ጫፍ 63 ቀን በጠባቂነት ተቀምጧል፤ ከዚያ ወርዶም ብዙ ጽፏል። በኋላ አውሮፕላንና ካሜራ መጡና አብዛኞቹ ማማዎች ተዘጉ፤ ገሚሱ ፈረሰ፣ ገሚሱ ሆን ተብሎ ተቃጠለ።

ከማማዎቹ መካከል የአንዱ ታሪክ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በዋሽንግተን ግዛት፣ ተራራ ወጪዎች በሚያዘወትሩት ሰንሰለት ላይ፣ ግሪን ማውንቴን በተባለ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1933 የተሠራ ማማ ነበረ። ከዘመን ብዛት በረዶውን አልቻለውም። ተነቅሎ ወረደ፣ ተጠገነ፣ በ2009 በሄሊኮፕተር ተጭኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይሁንና ቦታው ምንም ግንባታና ሞተር እንዳይገባበት በሕግ የተከለለ ነውና አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ከሰሰ። ፍርድ ቤት በ2012 ማማው እንዲነሣ ወሰነ። ግርጌው ያሉ የትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ግን አልተዉትም፤ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት ዘለቀ። በመጋቢት 2014 አቅራቢያቸው ያለችው ኦሶ በመሬት መንሸራተት ተቀብራ 43 ሰዎች ሲሞቱ፣ ለተጎዳው አካባቢ ማጽናኛ ይሆን ዘንድ ሕጉ ተፋጥኖ ወጣ፤ በሚያዝያ ወር ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈረሙበት። ማማው ዛሬም ቆሟል። ሰዎች ለአንዲት የእንጨት ክፍል ሲሉ ይህን ሁሉ ዓመት መሟገታቸው የሚያስቀና ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በኢትዮጵያ የተራራ ጉዞ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዌልስ የተወለደው ክላይቭ ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው የፓርኩ ጠባቂ ሹም ሆኖ ሲመጣ በቅሎና ጥቂት ዘቦች እንጂ ሌላ አልነበረውም። ሳንቃ በር ላይ ሰፈር ሠራ። ፓርኩ በ1969 በአዋጅ ጸና፤ በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። የዘቦቹ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ሠራተኞቹ ተራራውን ለቀው ወረዱ። እነዚያ ሰፈሮች ማማ ባይባሉም ሥራቸው የማማ ነበር፦ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሰው ማደሩ፣ ዐይን መኖሩ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀበት። በዚህ መካከል ሰፈሮቹ በውጭ እርዳታ ጭምር ታደሱ፤ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ጉዳይ ተነሣ፤ የከብቱ ብዛት ጥያቄ ሆነ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ሄዱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። ጓሳው መልሶ አገገመ፤ ቁመቱም ጨመረ።

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይ ፓርኩን ያነደደው እሳት የተነሣው ግጭ ላይ ነው።

ለብዙ ትውልድ ሰው ያደረበት፣ ጭስ ከታየ በየቤቱ እሪ የሚባልበት ሜዳ ሰው አልነበረውም። ሣሩ ደግሞ ማንም ሳይግጠውና ሳያጭደው ደርቆ ቆሟል። ይህን ማለት መንደሩ መነሣት አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ዋልያው ያለ ሣር አይኖርም። ሰዎቹ ሲነሡ ግን አብሯቸው የተነሣ አንድ አገልግሎት ነበረ፤ እሱን የተካ አልነበረም። ገበሬው፣ ተማሪው፣ የደባርቅ ነዋሪው ቅጠልና አፈር ይዞ ወጣ። እሳቱ ጠፋ ሲባል መልሶ ተነሣ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ዘይታም ነውና ሥሩ ውስጥ ተዳፍኖ ይቆያል። በመጨረሻ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጡ፤ የሚያዝያው ዝናብም አገዘ። እሜት ጎጎ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት አለት፣ ከዚያው ሜዳ አጠገብ ነው። ከእሱ የተሻለ የእሳት ማማ ሰው ቢሠራም አያገኝም።

ጉዳዩ አዲስ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ውስጥ የተነሣው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ፈጅቷል፤ የሐረና ደን ነድዷል። ተማሪዎች ለማጥፋት ዘምተዋል፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተዋል። በቀጣዩ መስከረም፣ አዲሱ ዓመት እንደገባ፣ አዲስ አበባ ላይ የደን እሳት ጉባኤ ተደርጓል። ሁለቱም ጊዜ እሳቱ የታወቀው ከገነነ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ የባለሙያ እርዳታ የመጣው ከውጭ አገር ነው።

«አሁን ሳተላይት አለ» የሚል መልስ በየቢሮው ይሰማል። እውነት ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሳተላይቶች 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነች ቦታ ላይ ያለ ሙቀት ለይተው፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ መረጃውን ለማንም በነጻ ይሰጣሉ። ነገር ግን ከአንድ ቦታ በላይ የሚያልፉት በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ደመና ይጋርዳቸዋል። ለደረቀ ጓሳ ደግሞ ሦስት ሰዓት ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ፣ መረጃው ኮምፒዩተር ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማነው?

ይህን ጥያቄ አዘጋጁ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አንድ ኃላፊ አቅርቦ ነበር። በመጀመሪያ «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉ። ደብዳቤው ደረሳቸው። ከዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ስልክ «ጮቄ ላይ እሳት ሲታይ ለማን ነው የሚደወለው?» ለሚለው አጭር ጥያቄ «ይህ የቅንጅት ሥራ ነው» ብለው ዘጉት። ቁጥር አልሰጡም።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የምሥራቅ ጎጃምና የምዕራብ ጎጃም ወንዞች ብዙዎቹ ከእሱ ወርደው ዐባይ ይገባሉ። ጅብራውና አስታው እያነሰ፣ የገብስና የድንች ማሳው ሽቅብ እየወጣ ነው። ተራራ ወጪው ገና መምጣት የጀመረበት ተራራ ነው። ጓሳው ሲነድ የሚከተለው ይታወቃል፦ ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ይታጠባል፣ ምንጩ ይደርቃል፣ ታችኛው አገር ደለል ይቀበላል።

መንዝ ላይ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ አዘጋጁም ከሁሉ ይልቅ የሚወደው እሱን ነው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በተባለ የአካባቢው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ማኅበረሰቡ አባ ቀራ የሚሉትን አለቃ ይመርጣል፤ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ በአንድ ቀን ይከፈታል፤ በመዝጊያው ጊዜ የገባ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን በሌላ ስምና በሌላ ደንብ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ። የፈረሰ የጥበቃ ሥርዓት በአገሩ ሰው እጅ ተመልሶ ሲቆም ካየን ያየነው መንዝ ላይ ነው። የማማው ቋሚ ሰው ነው፤ ያ ሰው የሚታወቅ፣ የተመረጠና ድካሙ የሚታሰብለት መሆን አለበት። ብረቱና ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሽማግሌው ይህ ሲነገራቸው ብዙ አልተደነቁም። «ጮቄ ላይ ሦስት ልጅ በቂ ነው» አሉ፤ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቦታ እየጠቆሙ። «አንዱ በሞጣ በኩል፣ አንዱ በቢቡኝ፣ አንዱ በእኛ በኩል። ስልክ ይስጧቸው። ከጥር እስከ ሚያዝያ የወር ቀለባቸውን ይስጧቸው። ሌላ ምን ይፈልጋል?» ቆይተው ደግሞ፣ «የጥንቱ ልጅ እኮ ሥራው የሱ እንደሆነ ያውቃል። ዝንጀሮ ከገባ እራቱን አያገኝም። የጮቄው እራቱን የሚከለክለው ማነው?»

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ማሳቸውን አሳዩ። አዝመራው ከታኅሣሥ ጀምሮ ጎተራ ገብቷል፤ መሬቱ ቃርሚያ ብቻ ነው። ከማሳው ዳር፣ የድንጋይ ካብ አጠገብ፣ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተጋድመዋል፤ ርብራቡ ተፈትቶ በልጥ ታስሯል። ማማው የሚፈርሰው እህሉ ሲገባ ነው። የጮቄ ሣር የሚደርቀውም ያኔ ነው። የልጅ ልጃቸው አንዱን ቋሚ ለማገዶ ሊጎትት ሲል ሽማግሌው ተቆጡት።

«ተወው እሱን! ነሐሴ ላይ ይተከላል።»