ለሬዚን ሥራ የሚሆን ቀለም አመራረጥ

ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ለትሪ፣ ለጌጥና ለጠረጴዛ ማስዋቢያ ተፈላጊ ከሆነ ወዲህ፣ ማቅለሚያውም ራሱን የቻለ የንግድ ዕቃ ሆኗል።

ሬዚን ለምሥራቁ ገበያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሐረርና በድሬዳዋ በሴቶች አንገት ላይ የሚታየው ትልልቅ ቢጫ ዶቃ ሁሉ እውነተኛ አምበር አይደለም፤ ከፊሉ ባለፈው ምእት ዓመት በአውሮጳ ከፌኖል ሬዚን ተሠርቶ ወደ አፍሪካ የተላከ ነው። ይህ ዶቃ ከዘመን ብዛት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ገዢው ግን እርጅናውን ስለሚወድለት ነጋዴው አልተጎዳም። ዛሬ ሰማያዊ ትሪ የገዛ ሰው ቀለሙ ቢነጣበት ዕቃውን ወደ ሱቁ መልሶ ያመጣዋል።

የቀለሙ ዋጋ ከሬዚኑ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የማይስማማ ቀለም ውዱን ሬዚን ያበላሻል። ስለዚህ ገዢ በክዳኑ ላይ ከሚታየው መልክ አስቀድሞ ቀለሙ በምን እንደ ተበጠበጠ ሊጠይቅ ይገባል። በውሃ የተበጠበጠ የግድግዳ ቀለም ሬዚኑን ያደፈርሰዋል፤ በሚገባ እንዳይጠነክርም ያደርገዋል። በአልኮል የተበጠበጠው የጠራ መልክ ቢሰጥም በፀሐይ ቶሎ ይለቅቃል፤ ተቀጣጣይ በመሆኑም ከጂቡቲ ሲጓጓዝ አደገኛ ጭነት ነው። ደረቅ ዱቄት ግን በሚገባ ከተከደነ በሞቃት መጋዘን እንኳ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

የከተማችን ሙቀት ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሬዚኑ ሳይረጋ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል። የሰኔ ቀትር 35 ዲግሪ ሲደርስ ዱቄት እያሹ ለመቆየት ፋታ የለም፤ ቀለሙ ማጠንከሪያው ከመጨመሩ በፊት ከሬዚኑ ጋር መዋሐድ አለበት። በሬዚን ተለውሶ እንደ ሊጥ ሆኖ የሚመጣው ቀለም ዋጋው ከፍ ቢልም ለድሬዳዋ ሠራተኛ ይበጃል። መጠኑም ሊታወቅ ይገባል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ከክብደቱ ከ5 ወይም ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨመር ያስጠነቅቃሉ።

ጥቁር ቀለም ብዙ ፀሐይ ይስባል። ብዙው የእጅ ሥራ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ፣ በከዚራ ሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረ ጥቁር ትሪ ቢጎብጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ጥቁሩን ወደ ጥላ፣ ነጩን ወደ መስኮት ማድረግ ይሻላል።

ብርሃንን ለመቋቋም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ የብረት ኦክሳይድና አልትራማሪን የታመኑ ናቸው፤ ከ1 እስከ 8 በሚደርሰው መለኪያ ከከፍተኛው ደረጃ ይመደባሉ። ዓይን የሚያበሩት የፍሎረሰንት ቀለሞች ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ወገን ናቸው፤ ደማቅነታቸው ሻጭን ቢያስደስትም ፀሐይ አይችሉም። ርካሽ ደማቅ ቢጫ ሲቀርብ ሊድ ክሮሜት እንዳይሆን የላቦራቶሪ ማስረጃ መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢትዮጵያ ደንብ በቅብ ቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል።

በሰነዱ ላይ «ቀለም» ብሎ ብቻ መጻፍ በጉምሩክ ጥያቄ ያስነሣል። ሰው ሠራሽ ኦርጋኒክ ማቅለሚያ በአንቀጽ 32.04፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና አልትራማሪን ደግሞ በ32.06 ስለሚመደቡ፣ አስመጪው የእያንዳንዱን ኬሚካዊ ስም ሻጩ በደረሰኙ ላይ እንዲያሰፍርለት ከጭነቱ በፊት ይጠይቅ።