ሞተሩ ደጅ ይደር
(መብራት በጠፋ ጊዜ ስለ ጄነሬተር አጠቃቀም)

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ተምረን ሳለን፣ የተማርነውን ከደብተር አውጥተን ቤት ውስጥ ልንሠራበት ባለመቻላችን አንድ ሌሊት ለጥቂት ተረፍን። ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን የምናቀርበውም በእኛ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሰኔ ወር በፈተና ሰሞን አራት ሆነን በተከራየናት ክፍል ስናጠና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አከራያችን ለሱቃቸው ፍሪጅ የገዟት አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጄነሬተር ነበረቻቸው። ደግ ሴት ናቸውና «ልጆቼ ፈተና አለባቸው» ብለው አስነሡልን። ውጭ ግን ዝናቡ ይወርዳል፤ አጥሩም ለሌባ የማያስቸግር ነው። ስለዚህ ሞተሯ ከዝናብም ከሌባም እንድትድን ብለው ከክፍላችን በር ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ አስቀመጧት። እኛም አመስግነን፣ ብርድ እንዳይገባ በራችንን ዘግተን ጥናታችንን ቀጠልን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆየን ከመካከላችን አንዱ ግንባሩን ይዞ «ይህ ፈተና ራሴን ሊፈልጠው ነው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ ረኀብ መስሎት ዳቦ ፈለገ። ሦስተኛው ሊያስመልሰው ሲነሣ ጕልበቱ ከዳውና ደፉ ላይ ተቀመጠ። አራተኛው እንደምንም ደግፎ ወደ ግቢው ሲያወጣው፣ ዝናቡ እየመታቸው ሁለቱም ቀለል አላቸው። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ጠርተን፣ በሩን ሁሉ ከፍተን፣ ሞተሯም ጠፍታ፣ እስኪነጋ ድረስ በረንዳ ላይ ተቀምጠን አደርን። አከራያችን ደንግጠው «እኔ ከሰል እንኳ በደንብ ሳይቀላ ወደ ቤት አላስገባም! ይኼ ግን ሞተር ነው፤ ከሰል የለበት ብዬ ነው እኮ ልጆቼ!» አሉ።

እርሳቸው መርዙን ከኑሮ ያውቁታል፤ ነገር ግን ከሞተር ውስጥ መኖሩን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛ ደግሞ ከአራታችን ሁለቱ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነን። ጉድለት ስላለበት ቃጠሎ በፈተና ተጠይቀን በትክክል መልሰናል። እንግዲህ ከሁላችን ይልቅ የሚያሳፍረው የማን ነው?

መርዙ ምንድን ነው?

ከሰልም ቤንዚንም በውስጣቸው ካርቦን አለ። የሚነደው ነገር በቂ አየር ሲያገኝ እያንዳንዱ ካርቦን ከሁለት ኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ አየር ሲያጥረው ግን አንድ ኦክስጅን ብቻ ይደርሰዋል። ይህ ጐደሎ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም። ከጄነሬተር የሚሸተን የሌላው ጭስና የቤንዚኑ ሽታ ነው፤ ስለዚህ «አይሸትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ከሰልም ቢሆን ጭሱ ጠፍቶ ፍም ከሆነ በኋላ ይህን ጋዝ መስጠቱን አያቆምም። የአከራያችን ጥንቃቄ መልካም ሆኖ ሳለ ሙሉ ዋስትና ያልሆነው ለዚህ ነው።

ጋዙ የሚገድለው አፍኖ ሳይሆን አታልሎ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙም ይዞራል፤ ነገር ግን የሚሸከመው ስንቅ ሳይሆን መርዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ይህን ጋዝ ራሱ እየተነፈሰ በሰውነቱ ላይ የሚያደርሰውን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1895 አሳትሟል። ትንንሽ እንስሳት ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ከሰው ቀድመው እንደሚወድቁም አሳየ። በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ወፍ ይዘው ወደ ጕድጓድ የሚወርዱት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ቆይቷል።

ነገሩ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ሎራ የተባለ ዐውሎ ነፋስ መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያስነሡት የጄነሬተር ጭስ ነበር።

በደጋ የሚኖር ሰው ለምን ይበልጥ ይጠንቀቅ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ያለው የቤንዚን ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ለቆላ አየር ተስተካክሎ ነው። ወደ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ እንደ ቀድሞው ይገባል፤ አየሩ ግን ያንሰዋል። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃጠሎው ይበልጥ ጐደሎ ስለሚሆን መርዙ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጕልበቱ ከ100 እጅ 3.5 ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 2,000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄነሬተር እዚህ ከ1,500 ዋት ብዙም አይበልጥም። በዚህ ላይ እኛም የምንተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ መርዙ ከደማችን የሚነጥቀው ከሚተርፈን ሳይሆን ከሚያስፈልገን ነው።

የት ይቀመጥ?

ሕጉ አጭር ነው፤ ሞተሩ ደጅ ይደር። ኮሪደር ደጅ አይደለም። ሦስት ወገኑ የተዘጋ በረንዳ ደጅ አይደለም። ወጥ ቤትም፣ መጋዘንም፣ በሩ የተከፈተ ጋራዥም ደጅ አይደሉም። «መስኮት ከፍተናል» ማለትም አያድንም፤ ጋዙ ከአየር ጋር ክብደቱ ስለሚቀራረብ በየጥጉ ይሠራጫል፤ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ጄነሬተሩ ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ማርሚታው ከራሳችንም ከጐረቤትም በርና መስኮት ፊቱን ያዙር። በተጠጋጋ ሰፈር ለእኛ ደጅ የሆነው ለጐረቤት መኝታ ቤት ሊሆን እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል።

ዝናቡስ? በአራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ መትቶ፣ ግድግዳውን ግን ሳይሸፍኑ ክፍት መተው ነው። ሌባውስ? በሰንሰለት ከብረት ቋሚ ጋር ማሰርና መቈለፍ ነው። የሰንሰለትና የቍልፍ ዋጋ ከአራት ተማሪ ነፍስ አይበልጥም። ሰንሰለቱ ካልተገኘና ግቢው ካልታመነ ደግሞ ሞተሩን ጨርሶ አለማስነሣት ይሻላል።

ሽቦውስ?

ሌላው አደጋ የሚመጣው ከጥበብ መሳይ ስሕተት ነው። አንዳንድ ሰው በሁለት ጫፉ ወንድ ስፒና ያለው ገመድ ሠርቶ፣ አንዱን በጄነሬተሩ፣ ሌላውን በግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ያበራል። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል። 15,000 ቮልቱን ወደ ቤት የሚያወርደው ትራንስፎርመር፣ ከቤት በኩል 220 ቮልት ሲመጣበት መልሶ ወደዚያው ከፍታ ሊያወጣው ይችላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ፣ ሊያበራልን ሲደክም በእኛው እጅ ይሞታል። ገመዱም ከአንዱ ጫፍ ቢነቀል፣ የተራቈተው ብረት ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ በሰው እጅ ላይ ይቀራል። የመንገዱ መብራት በድንገት ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ጄነሬተሩ ይቃጠላል፤ ቤቱንም ሊያስከትል ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ዕቃውን በወፍራም ማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከጄነሬተሩ ጋር ማገናኘት፤ ወይም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ማዛወሪያ ማብሪያ ማስገባት ነው። ይህ ማብሪያ ቤቱን ወይ ከመንገዱ መስመር ወይ ከጄነሬተሩ ጋር ያገናኘዋል እንጂ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ አያገናኘውም።

ጕልበቱንም መመጠን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትንሽ ጄነሬተር እንጀራ አያጋግርም። ፍሪጅም ሲነሣ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ብቻውን ይነሣ፤ ሌላው በኋላ ይጨመር። ገመዱ በእጅ ሲዳሰስ ከሞቀ ጭነቱ በዝቶበታል ማለት ነው። በምንጣፍ ሥር ማሳለፍም፣ በረጠበ እጅ መንካትም ክልክል ነው።

ነዳጁስ?

ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ሲፈስ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ፣ 15 ደቂቃ ያህል እስኪበርድ ጠብቆ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን መሙላት ነው፤ በሻማ ወይም በክብሪት ማየት አይገባም። የተረፈው ቤንዚን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ይቀመጥ እንጂ ከአልጋ ሥር አይግባ። የውሃ መጠጫ ፕላስቲክ ውስጥም አይጨመር፤ በጨለማ የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ሊያነሣው ይችላልና።

ሰው ቢታመም

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጕልበት መዛልና የሐሳብ መደናገር ነው። ከጕንፋን ወይም ከታይፎይድ የሚለየው በአንድ ቤት ያሉት ሰዎች በአንድ ሰዓት ሲታመሙና ከቤት ሲወጡ ሲሻላቸው ነው። ክፉው ነገር አእምሮ ከመንቃቱ በፊት እግር መክዳቱ ነው፤ የተኛ ሰውማ ምልክቱን ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውን ማውጣት፤ ቀጥሎ በሩን መክፈትና ሞተሩን ማጥፋት ነው። ወተትም ሎሚም መርዙን ከደም አያስለቅቁም። የሚያስለቅቀው ኦክስጅን ነው፤ በተራው አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ሐኪም ቤት ስንደርስ «ጄነሬተር ተነሥቶ ነበር» ብለን መናገር አለብን፤ በጣት ላይ የሚደረገው ትንሹ መሣሪያ መርዙን ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል ደኅና ነው ብሎ ሊያሳስት ይችላልና።

የዛሬዋ ካናሪ በባትሪ የምትሠራ፣ ጋዙ ሲበዛ የምትጮኽ ትንሽ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ናት። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ከጫማና ከሽቶ በፊት እርስዋን ቢያስልክ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እርስዋም ሞተሩን ቤት ለማስገባት ፈቃድ አትሆንም።

በመጨረሻ ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። ለጥናት የሚያስፈልገን ብርሃን ስንት ነው? በቀን ተሞልታ የምታድር አንዲት የባትሪ መብራት ለአንድ ጠረጴዛ ትበቃለች። ያን ሌሊት ሞተሯ የተነሣችው ለአንድ አምፑል ነበር።

አከራያችን አሁን ቆርቆሮና ሰንሰለት አሠርተዋል። ለጐረቤቶቻቸውም «ከሰሉ እሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው ያለው» እያሉ ያስተምራሉ፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፋችን አላገኘንም። ክረምቱ ሲገባ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከሻንጣ በፊት ይህን ይዛችሁ ግቡ። የጄነሬተሩን ቦታ እዩ፤ ከኮሪደርና ከበረንዳ ካገኛችሁት «እማዬ፣ አባዬ፣ ይህ ነገር ደጅ ይደር» በሉ። ምክንያቱን ቢጠይቋችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ በፈተና መልሳችሁታልና።