«የት ላይ ይላል?»

አገር ቤት ደውላችሁ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትሉ ከልጆቻችሁ የምትሰሙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩ ነው» የሚል ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ጫማና ወደ ደብተር ይሄዳል። በዚህ እትም፣ ከምታገኟት አጭር ጊዜ ላይ በሳምንት አሥር ደቂቃ ለንባብ እንድታውሉ ልንመክራችሁ ወደድን። የሚያስፈልጋችሁ አንዲት ጥያቄ ናት፤ «የት ላይ ይላል?»

«በምንባቡ መሠረት»

የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ምንባብ ይመጣል፤ ቀጥሎ «በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ» ይላል። ብዙ ልጆች ጥያቄውን ያያሉ እንጂ «በምንባቡ መሠረት» የሚለውን አያዩም። ስለዚህ የሚመልሱት ከራሳቸው ነው።

ይህችን አጭር ምንባብ እንውሰድ፦ «አስቴር ስንዴውን ግቢ ውስጥ አስጥታ ቁጭ አለች። ነፋሱ በረታ። ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ወንድሟን ጠራችው። ሁለቱም እየተሯሯጡ ስንዴውን ወደ ቤት አስገቡት።»

«ስንዴውን ለምን አስገቡት?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ልጅ «ዶሮ እንዳይበላው» ሊል ይችላል። መልሱ የሞኝ መልስ አይደለም፤ በቤቱ ያየውን ነው የተናገረው። በምንባቡ ውስጥ ግን ዶሮ የለችም። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ «የት ላይ ይላል የኔ ልጅ? እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ልጁ ተመልሶ ያነባል፤ ዶሮዋን ያጣታል፤ ነፋሱንና ሰማዩን ያገኛል። «ዝናብ ሊመጣ ነው!» ይላል።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ዝናብ የሚል ቃል አለ እንዴ? ታዲያ በምን አወቅህ?» ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ መልስ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ግን ከተጻፈው ተነሥቶ የሚደረስበት ነው። የሚደረስበትም ቢሆን የሚቆምበት ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል።

ልጁ ያገኘውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ማስረጃ አድርጎ እንዳይቆጥርም አስተምሩት። «አስቴር ቁጭ አለች» የሚለው በምንባቡ ውስጥ አለ፤ ስለ ዝናቡ ግን ምንም አያስረዳም። ስለዚህ መልሱ ሦስት ነገር ይኑረው፦ መጀመሪያ መልሱን ይናገር፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ያንብብ፤ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ መልሱን እንዴት እንደሚደግፍ በራሱ ቃል ያስረዳ።

በስልክ እንዴት ይሆናል?

ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ካልተመቸም ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ልጁን የምታሳድገው አያቱ ከሆነችና ፊደል ካልቆጠረች፣ እርሷም ብትሆን «የት ላይ ይላል? አንብብልኝ» ማለት ትችላለች። ይህን ለመጠየቅ ማንበብ መቻል አያስፈልግም፤ ማዳመጥ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ልጁ ሲሳሳት ብቻ ከጠየቃችሁት፣ «የት ላይ ይላል?» ማለት «ተሳስተሃል» ማለት ይመስለዋል። በትክክል ሲመልስም ጠይቁት።

ደግሞም አስቀድማችሁ ማንበብ መቻሉን አረጋግጡ። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ቃል ማንበብ ያቃተውን ልጅ ማስረጃ አምጣ ማለት ማስጨነቅ ነው፤ ፊደሉና ቃሉ ይቅደሙ።

ልማዱ የኛው ነው

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአንድምታ መምህራን ትርጓሜ ሲሰጡ የመጽሐፉን ቃል ጠቅሰው «እንዲል» ይላሉ፤ የተናገሩትን በተጻፈው ያጸናሉ። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሙግትም ተሟጋቹ የሚረታው እማኝ ሲያቀርብና ነገሩን ሲያስረዳ ነበር። ለልጆቻችን የምናወርሰው ይህንኑ ልማድ ነው።

ጥቅሙም ከፈተና ያልፋል። ከመካከላችን ደላላ በአፍ የነገራትን ደመወዝ አምና የመጣች፣ የፈረመችበትን ወረቀት ግን ማንበብ ያልቻለች ስንት አለች? ሊባኖስ በ2009 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኞች ያወጣችው አንድ ወጥ የሥራ ውል የተጻፈው በዐረብኛ ነበር፤ ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ ዐረብኛ አያነቡም። እንዲህ ያለ ወረቀት ፊት የቀረበች ሴት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «የት ላይ ይላል?» ማለት የለመደች ልጅ፣ ነገ ደላላ «የዕረፍት ቀን አለሽ» ሲላት «የት ላይ ተጽፏል? የሚያነብልኝ ሰው ሳላገኝ አልፈርምም» ለማለት ድፍረት ይኖራታል።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ በአንድ አንቀጽ ጀምሩ። ልጁ መጀመሪያ ሊሰለች ይችላል፤ አትዘኑ። ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ እናንተኑ «እማዬ፣ አንቺስ ይህን ያልሽው የት ላይ አንብበሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትቆጡ፤ ደስ ይበላችሁ። ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።

ቸር ሰንብቱ።