ቤቱ ሲቀዘቅዝ ብልሽቱ የት ነው?

የሚኒሶታ ጥር ምሕረት የለውም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በታች ሲወርድ፣ ማሞቂያው የቆመበት ቤት ቱቦዎቹ በረዶ ሠርተው ሊፈነዱ ይችላሉ። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዚያ ካሉት የቆዩ ቤቶች ውስጥም በሙቅ ውሃ የሚሞቁ ጥቂት አይደሉም። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃውን ያሞቀዋል፣ ፓምፕ እየገፋ ወደ ራዲያተሮቹ ያደርሰዋል፣ ሙቀቱን የለቀቀው ውሃም ተመልሶ ይመጣል። አንድ ሊትር ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚይዘው ጉልበት፣ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው 3,500 እጥፍ ያህል ነው። ቀጭን ቱቦ ሰፊ ክፍል ማሞቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ ሲቆም የመጀመሪያው ጥርጣሬ እሳቱ ላይ ይወድቃል። እሳቱ ግን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ትእዛዝ ስላልደረሰው ብቻ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልሽት ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ ትእዛዙ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ይህን ሳያውቁ ዕቃ እየፈቱ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የግድግዳው ቴርሞስታት በመሠረቱ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሽቦዎችን ያገናኛል። በሽቦዎቹ የሚሄደው ትራንስፎርመር ከ120 ቮልት ያወረደው 24 ቮልት ነው። ይህ ኤሌክትሪክ የዚያን ክፍል የውሃ ቫልቭ ሞተር ያዞራል። ቫልቩ ተከፍቶ ሲያበቃ በውስጡ ያለች ትንሽ ማብሪያ ትገናኝና ለቦይለሩ ሪሌ ምልክት ትሰጣለች። ሪሌው ፓምፑን ያስነሣል፤ ውሃው ከተወሰነለት ሙቀት በታች ከሆነም እሳቱ እንዲቀጣጠል ይፈቅዳል። ይህችን ትንሽ ማብሪያ ልብ ማለት ያስፈልጋል። እሷ ብቻ ከተበላሸች ቴርሞስታቱ ጠይቆ፣ ቫልቩም ተከፍቶ ሳለ ቦይለሩ ምንም አያውቅም። ተጣብቃ ከቀረች ደግሞ ማንም ሙቀት ሳይጠይቅ ቦይለሩ ይነሣል።

መለኪያ ከመያዝ በፊት ቤቱን መዞር ብዙ ነገር ይናገራል። አንድ ክፍል ብቻ ቀዝቅዞ ሌሎቹ ከሞቁ ቦይለሩ፣ ትራንስፎርመሩና የጋራው ፓምፕ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው፤ የሚቀረው የዚያ ክፍል ቴርሞስታት፣ ሽቦ፣ ቫልቭ ወይም ቱቦው ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ቤቱ በሙሉ ከቀዘቀዘ ፍለጋው ወደ ጋራዎቹ ዕቃዎች ይዞራል። ከቦይለሩ የሚወጣው ቱቦ እየጋለ ተመላሹ ከቀዘቀዘ ደግሞ እሳቱ ሠርቷል፣ ውሃው ግን አልዞረም።

ከዚህ በኋላ ቴስተር ይወጣል። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር አለ፤ በተገናኘ ማብሪያ ሁለት ጫፎች መካከል ቴስተሩ ዜሮ ያነብባል፣ ባልተገናኘ ማብሪያ ጫፎች መካከል ግን 24 ቮልት። የመስኖ ቦይ ሲደፈን ከድፍኑ በላይ ውሃው ከፍ፣ በታች ዝቅ እንደሚለው ሁሉ፣ የቮልት ልዩነትም ጎልቶ የሚታየው ፍሰቱ የታገደበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ሙቀት እየጠየቀ ሳለ በጫፎቹ መካከል 24 ቮልት ከተነበበ አልተገናኘም ማለት ነው። ዜሮ ከተነበበስ? ዜሮ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ማብሪያው በደንብ ተገናኝቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ኤሌክትሪክ አልመጣም። ትራንስፎርመሩ መጀመሪያ የሚለካው ለዚህ ነው። ልኬቱም ቫልቮቹ እየሠሩ መሆን አለበት፤ ሸክም ሳይኖርበት 26 ወይም 27 ቮልት የሚያሳይ ደካማ ትራንስፎርመር ሥራ ሲጀምር ከ20 በታች ሊወርድ ይችላል።

ፍለጋውን ከመሐል መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። መንገዱ ስምንት ክፍሎች ካሉት፣ በየጊዜው የቀረውን እኩል በእኩል እየከፈሉ ቢለኩ በሦስት ልኬት ብልሽቱ ላይ ይደረሳል። ቴርሞስታቱን ነቅሎ ሁለቱን የጥሪ ሽቦዎች ማገናኘትም አንዱ የመክፈያ ዘዴ ነው። ቦይለሩ ከተነሣ ጥፋቱ ከቴርሞስታቱ ነው። ነገር ግን ሽቦዎቹ ባለ24 ቮልት መሆናቸውን ሳያረጋግጡ መንካት አይገባም፤ የተሳሳቱ ሁለት ሽቦዎችን ማገናኘትም ፊውዝ ወይም ትራንስፎርመር ያቃጥላል።

በአዳዲሶቹ ቦይለሮች ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ውጭው ሲቀዘቅዝ የውሃውን ሙቀት ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው። የውጭውን አየር የሚያነብበው ቴርሚስተር የሚባል ዕቃ ነው። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም ሲሆን፣ በረዶ በገባበት ውሃ ውስጥ ሲነከር ወደ 30,000 ኦም ገደማ ይወጣል። ቅዝቃዜ ሲጨምር ኦሙ ስለሚጨምር፣ የተበጠሰ ሽቦ ለመቆጣጠሪያው ከባድ ብርድ ይመስለዋል። ብዙዎቹ ይህን ለይተው የስህተት ቁጥር ያሳያሉ። ያልለየው ግን ውሃውን ሁልጊዜ እስከ ጥግ ያሞቃል፤ ቤቱ ስለሚሞቅ ቤተሰቡ አቤት አይልም። ጉዳቱ በጋዝ ሒሳቡ ላይ ይታያል፤ ከጭስ ውስጥ ካለው እንፋሎት ሙቀት የሚቆጥብ ቦይለር ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ካልወረደ ያንን ሙቀት መልሶ መያዝ አይችልም።

ይህን መቆጣጠሪያ ለመፈተን ጥርን መጠበቅ አያስፈልግም። በመስከረም ኃይሉን አጥፍቶ፣ ቴርሚስተሩን ፈትቶ፣ በቦታው ከ80,000 እስከ 100,000 ኦም የሆነ ሬዚስተር ቢያስገቡ መቆጣጠሪያው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ትክክለኛው ኦም በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ አለ። ከዚያ የውሃው ሙቀት ወደታሰበለት መጠን መውጣቱን ማየት ነው። እንዲህ ያለው ሙከራ፣ ብርዱ ሳይመጣ የብርዱን ጥያቄ ስለሚጠይቅ፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው።

የደኅንነት ማጥፊያዎችን ግን ማንም በሽቦ አገናኝቶ መዝለል የለበትም። የሙቀት ጣሪያውን የሚጠብቀው ማጥፊያ ብዙ ጊዜ በ82 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም በ180 ፋራንሃይት ይቀመጣል። ሲፈተን ውሃው ከልክ በላይ አይሞቅም፤ ይልቁንም ጣሪያው ይወርዳል። የነበረበትን ምልክት ጽፎ፣ እሳቱ እየነደደ ቁልፉን ቀስ በቀስ ከውሃው ሙቀት በታች ማውረድ ነው። እሳቱ መጥፋት፣ ፓምፑ መቀጠል አለበት። እሳቱ ካልጠፋ ቦይለሩ ወዲያው ከዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፣ ባለሙያ እስኪመጣም አይነሣም።