ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቷል? ቁልፉን ደግማችሁ ከማዞራችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ክረምት ሲገባ ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መንገድ ወንበሩ የተገለበጠ ሚኒባስ ወይም ጋቢናው የተደፋ አይሱዙ ዳር ይዞ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፣ ረዳቱ ይገፋል፣ ሞተሩ ግን እምቢ። መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪ ነው። አንዳንዴ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ትንሹን ችግር ትልቅ የሚያደርገው ያ ቁልፍ ደጋግሞ ማዞር ነው።

ውሃ ሞተሩን ምን ያደርገዋል?

ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል። 1 ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ውሃ 1 ኪሎ ነው። ስለዚህ ውሃው የሰልባትዮው ግርጌ ላይ ይተኛል። ሞተሩ ናፍጣ የሚስበው ደግሞ ከዚያው ከግርጌ አካባቢ ነው።

ናፍጣ የሚቃጠል ነገር ብቻ አይደለም፤ ለፖምፓውና ለኖዝሉ ቅባትም ነው። ውሃ ይሄን ሥራ አይሠራም። ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ዝገት ይጀምራል። ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ላይ የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው። የጎማችሁ ግፊት ስንት እንደሆነ አስቡና አወዳድሩት። ትኩስ ኖዝል ጫፍ ላይ የደረሰች የውሃ ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ጫፉን ልትሰብረው ትችላለች። ያኔ ወጪው የፊልትሮ መሆኑ ቀርቶ የፖምፓና የኖዝል ይሆናል። መኪናው የሚቆምባቸው ቀናት ገቢም አብሮ ይሄዳል።

ስንት ውሃ ነው ብዙ የሚባለው? የአውሮፓ የናፍጣ ደረጃ በኪሎ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አይፈቅድም። 60 ሊትር ናፍጣ ላይ ሲሰላ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው።

ከየት መጣ?

ብዙ ሰው “የሌሊት ጤዛ ነው” ይላል። እውነት አለው፣ ግን እናስላው። ግማሽ በጎደለ ሰልባትዮ ውስጥ 30 ሊትር አየር አለ እንበል። ያ አየር 20 ዲግሪ ላይ ቢበዛ ግማሽ ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጤዛ በወራት ይጠራቀማል እንጂ በአንድ ሌሊት ሞተር የሚያቆም ውሃ አያመጣም። ምንጩን ለመለየት መቼ እንደጀመረ ተመልከቱ፦

- ቀድታችሁ ብዙም ሳትርቁ ከቆመ፣ የተቀዳውን ናፍጣ ጠርጥሩ። በተለይ ከጄሪካን ከሆነ።
- ከከባድ ዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ከሆነ፣ የሰልባትዮውን ክዳንና ጎሚኒ እዩ።
- ቀስ በቀስ ጉልበት እያጣ፣ ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጭስ እያወጣ ከመጣ፣ የተጠራቀመ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሻጋታና ባክቴሪያም ይራባሉ። ፊልትሮው ላይ ጥቁር ልጋግ ካያችሁ እሱ ነው። ጣና ላይ የሚሠሩ የናፍጣ ጀልባዎችም ከዚሁ ጣጣ አያመልጡም፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያናውጥ ግርጌ የተኛው ውሃና ቆሻሻ ተነስቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የኛ ሰፈር ኮረኮንችም ያው ነው።

እንዴት ይወጣል?

1. ሞተሩን አጥፉ። አትግፉ፣ ቁልፍ አትደጋግሙ።

2. ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ መልቀቂያ ላላ አድርጋችሁ ጥርት ባለ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበሉ። ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ አስቀምጡትና በስልካችሁ መብራት ከጎን እዩት። ከታች ሌላ መስመር ሠርቶ የተኛ ካለ ውሃ ነው። ፎቶ አንሱት።

3. መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ አሳድሩት፣ ውሃው ይውረድ። ጠዋት ሳታንቀሳቅሱት የሰልባትዮውን የታች ቡሎን ፍቱና ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አውጡ። ቡሎን ከሌለው በጎማና በእጅ ፖምፓ ከግርጌው ይሳባል። በአፍ ግን በፍጹም! ናፍጣ ወደ ሳንባ ከገባ ለሕይወት ያሰጋል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስታውክ አታድርጉ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

4. ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከዚያ አየሩን አውጡ። ውሃው ብዙ ከነበረ ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ፣ መስመሩም ይጽዳ። ኮመን ሬል ከሆነ መካኒክ ሳያየው አታስነሱ።

5. የወጣውን ናፍጣ በጄሪካን አቆዩት። ሲጠል የላይኛውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የታችኛውን ተዉት። ልጋግ ያለበትን ግን መልሳችሁ አትጠቀሙ። ቦይ ውስጥም አትድፉት። የኛ ቦይ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ውሃ ደግሞ አትክልት ይለማል።

“አልኮል ጨምርበት፣ ውሃውን ይበላዋል” የሚለውን ምክር እለፉት። ውሃው የትም አይሄድም፣ ተቀላቅሎ ወደ ኖዝሉ ነው የሚያልፈው። ናፍጣውም በቀላሉ እሳት የሚይዝ ይሆናል።

እንዳይደገም

በክረምት ማታ ሞልታችሁ እደሩ፤ ባዶ ቦታ ከሌለ ጤዛ የለም። ቦቴ እያራገፈ ባለበት ሰዓት አትቅዱ፣ የጉድጓዱ ዝቃጭ ተነስቷል። የፊልትሮውን ውሃ በክረምት በየሳምንቱ አውጡ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ምልክት ከነጠብጣቡ ከበራ ደግሞ “ጋራዥ እስክደርስ” አትበሉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት ነው። ይሄ ለናንተ ማስረጃ ነው፤ የት፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደቀዳችሁ ስልካችሁ ላይ አለ። ቀድታችሁ ወዲያው ከቆማችሁ ደረሰኙን፣ የጠርሙሱን ፎቶና ናሙናውን ይዛችሁ መጀመሪያ ማደያውን አናግሩ። ካልሰማችሁ ለንግድ ቢሮ ወይም ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አቤት በሉ። ናሙናውን ሳትይዙ ሰልባትዮውን ካጠባችሁ ግን የምታሳዩት ነገር የለም።

ሹፌር ወይም ረዳት የሆነ ጓደኛ ያላችሁ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ላኩለት።