«ኢ. ማርሊት» ማን ነው? መላ ጀርመንን ያስነበበችው ሴት ስሟን ለምን ደበቀች?

ቴሌግራም ላይ በብዕር ስም የሚለቀቁ ተከታታይ ልብ ወለዶችን የምታነቡ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ አታውቁም። የምታውቁት ታሪኩ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ሲደርስ «ይቀጥላል» ተብሎ እንደሚቆም ብቻ ነው።

ከ160 ዓመት በፊት ጀርመን ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በ1866 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ሳምንታዊ መጽሔት «ጎልድኤልዘ» የተባለ ልብ ወለድ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ደራሲው «ኢ. ማርሊት» ይላል። አቶ ማርሊት ይሁን ወይዘሮ ማርሊት ከስሙ ማወቅ አይቻልም።

ከስሙ ጀርባ የነበረችው የ40 ዓመት ሴት ናት። ባል የላትም፣ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ ሥራዋን አጥታ ወደ ትውልድ ከተማዋ ከተመለሰች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በአገሩ በጣም ከሚነበቡ ደራሲዎች አንዷ ሆነች። ዛሬ የእሷን ታሪክ እናያለን። ከእሷ በፊት ስማቸውን የደበቁ ሌሎች ሦስት የጀርመን ሴቶችም አብረው ይነሳሉ።

ኦይጌኒ ዮን ማን ናት?

እውነተኛ ስሟ ኦይጌኒ ዮን ነው። በ1825 በዛሬዋ ጀርመን መሃል ቱሪንገን በሚባለው አካባቢ፣ አርንሽታት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ነጋዴ ነበር፤ መጽሐፍ የሚያከራይ ቤትም ነበረው። በኋላ ግን ከሰረና የሰው ምስል እየሳለ ቤተሰቡን ለማኖር ተገደደ።

ልጅቷ ግን ድምፅ ነበራት። የአካባቢው ገዢ ሚስት ልዕልት ማቲልደ ሰማቻትና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ ራሷ ወስዳ አስተማረቻት። የኦፔራ ዘፋኝ እንድትሆንም ወደ ቪየና ላከቻት። ኦይጌኒ ተምራ መድረክ ላይ ወጣች። ሁለት ነገሮች ግን አላስቀጥላት አሉ፦ አንዱ የመድረክ ፍርሃት፣ ሌላው ደግሞ የጆሮ ሕመም። ሙዚቃውን መስማት የተሳናት ዘፋኝ ምን ታድርግ? በ1853 መድረኩን ተወችው።

ከዚያ ለአሥር ዓመት ያህል የልዕልቷ አጫዋችና አንባቢ ሆና ኖረች። ልዕልቷ ስትጓዝ አብራ ትጓዛለች፤ የሀብታሞችን ኑሮ ከጓዳው በኩል ታያለች። በ1863 የልዕልቷ ገንዘብ ሲያጥር ይህም ሥራ ቆመ። ኦይጌኒ አርንሽታት ወንድሟ ጋ ተመለሰች።

እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አስቀምጡ። ዕድሜ ወደ አርባ፣ ትዳር የለም፣ ሙያዋ ከጆሮዋ ጋር ሄዷል። በእጇ የቀረው ብዕር ነው። በ1865 ላይፕዚሽ ላለ መጽሔት ሁለት ታሪኮች ላከች። አንዱ ሳይወሰድ ቀረ፤ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የተባለው ግን በዚያው ዓመት ታተመ። ከሥሩ «ኢ. ማርሊት» ተብሎ ተጻፈ።

ስም መደበቅ ለምን አስፈለገ?

የብዕር ስም የሴቶች ብቻ አይደለም፤ ወንዶችም ይጠቀሙበት ነበር። ልዩነቱ፣ ለወንዱ ምርጫ የሆነው ነገር ለብዙ ሴቶች የመግቢያ ዋጋ መሆኑ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የሴት ቦታ ቤት ነው ይባል ነበር። ስሟን ገበያ ላይ ያወጣች ሴት የቤተሰቧን ክብር እንዳወጣች ትቆጠራለች። በብዙ የጀርመን ግዛቶች ያገባች ሴት ንብረት የሚተዳደረው በባሏ ነበር። በትልቁ ግዛት በፕሩሲያ፣ በ1850 የወጣ ሕግ ሴቶች የፖለቲካ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ከለከለ፤ ሕጉ እስከ 1908 ቆየ። እዚያው ፕሩሲያ ውስጥ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ተማሪነት መመዝገብ የቻሉትም በዚሁ በ1908 ነው።

ሌላው የተቺዎች ጉዳይ ነው። መጽሐፉ የሴት መሆኑ ከታወቀ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ታሪኩ ሳይሆን ጸሐፊዋ ትሆናለች። ስም የሌለው መጽሐፍ ግን ቢያንስ መጀመሪያ ላይ በራሱ ይቆማል።

ከማርሊት በፊት የነበሩት

ቤኔዲክተ ናውበርት (1752–1819) የላይፕዚሽ ሐኪምና ፕሮፌሰር ልጅ ነበረች። ከ50 በላይ ልብ ወለዶች ጽፋለች፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ያለ ስም ነው የወጡት። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ በመጻፍ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። የዘርፉ አባት የሚባለው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት ሥራዋን ያውቅ ነበር። በ1817 አንድ ጋዜጣ ማንነቷን አወጣው። እሷን ፈቃድ የጠየቃት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቀችውን ምስጢር የገለጠው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ቴሬዘ ሁበር (1764–1829) ደግሞ ስሟን በባሏ ስም ነው የሸፈነችው። ስለ ፈረንሳይ አብዮት ዘመን የሚተርከውን «የዜልዶርፍ ቤተሰብ» የጻፈችው እሷ ናት፤ መጽሐፉ ላይ የታተመው ግን የባሏ የሉድቪሽ ፈርዲናንድ ሁበር ስም ነው። ባሏ በ1804 ሲሞት ልጆች ታቅፋ ቀረች፤ ያሳደገቻቸውም በብዕሯ ነው። በኋላ በጊዜው ከታወቁት የጀርመን ጋዜጦች አንዱን ለዓመታት በአዘጋጅነት መርታለች።

ካሮሊነ ፎን ጉንደሮደ (1780–1806) ገጣሚ ነበረች። በ1804 የመጀመሪያ መጽሐፏን ያወጣችው «ቲያን» በሚል ስም ነው። ብዙም ሳይቆይ ማን እንደሆነች ታወቀ። ለሦስተኛ መጽሐፏ «ኢዮን» የሚል ሌላ ስም መረጠች። መጽሐፉ ሳይወጣ በ26 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። ከዚያ ትወደው የነበረው ባለትዳር ምሁር፣ ፍሪድሪሽ ክሮይትሰር፣ ነገሩ በስሙ ላይ ወሬ እንዳያመጣ ሰግቶ ኅትመቱን አስቆመ። መጽሐፉ የታተመው መቶ ዓመት ቆይቶ በ1906 ነው።

ሦስቱን ስናያቸው አንድ ነገር ይመሳሰላል። ጭምብሉን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ መቼ ይወለቅ፣ ሥራውስ ምን ይሁን የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ወሰነላቸው። ማርሊት ግን በዚሁ ጭምብል የተለየ ነገር ሠራችበት።

ስሙ ብራንድ ሆነ

ታሪኮቿ የወጡበት መጽሔት «ዲ ጋርተንላውበ» ይባላል፤ «የአትክልት ስፍራ ዳስ» እንደማለት ነው። ኤርንስት ካይል የተባለ አሳታሚ በ1853 ሲጀምረው ሥርጭቱ 5 ሺህ ገደማ ነበር። በ1875 ወደ 382 ሺህ ደረሰ። አንዱን ቅጂ ቤተሰብ ተሰብስቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነበው አንባቢው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዕድገቱን ሁሉ ማርሊት ብቻዋን አመጣችው ማለት አይቻልም፤ መጽሔቱ እሷ ከመምጣቷ በፊትም ያድግ ነበር። ግን ከ1866 በኋላ ሰው በየሳምንቱ ከሚጠብቃቸው ነገሮች ዋናው የማርሊት ቀጣይ ክፍል ነበር። «ጎልድኤልዘ»ን ተከትሎ በ1867 «የአሮጊቷ ማምዜል ምስጢር» ወጣ፤ በ1874 ደግሞ «ሁለተኛዋ ሚስት»።

ምኑ ነው ሰውን የያዘው? «የአሮጊቷ ማምዜል ምስጢር»ን እንይ። ፌሊሲታስ የተባለች የተጓዥ ትርኢተኞች ልጅ ናት። እናቷ መድረክ ላይ ጥይት የመያዝ ትርኢት ስታሳይ በአደጋ ትሞታለች። አንድ ደግ ነጋዴ ልጅቷን ወደ ቤቱ ያስገባታል። እሱ ሲሞት ግን ሃይማኖተኛ ነኝ የምትለው ሚስቱ ልጅቷን ገረድ ታደርጋታለች። ፎቅ ላይ ከቤተሰቡ የተገለለች አንዲት አሮጊት አለች። ፌሊሲታስን በድብቅ የምታስተምራት እሷ ናት። የቤተሰቡ ሀብት ከየት እንደመጣ የሚያጋልጠው ምስጢርም ያለው እሷው ጋ ነው።

የማርሊት ጀግኖች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ድሃ ቢሆኑም ለማንም አይሰግዱም። በዘሩ የሚኮራውን መኳንንት ፊት ለፊት ይናገሩታል፤ በጸሎት ስም ሰው የሚጨቁነውንም አይፈሩትም። ሠርተው መብላት አያሳፍራቸውም። መጨረሻው ግን ብዙውን ጊዜ ሠርግ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቢሆንም ከሠርጉ በፊት ወንዱ ተለውጦ፣ ጥፋቱን አምኖ ነው የሚመጣው። ለዚያ ዘመን አንባቢ ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ማንነቷ ከታወቀ በኋላም ኦይጌኒ የብዕር ስሙን አልተወችውም። ስሙ ከመደበቂያነት ወደ ገቢ ምንጭነት ተቀይሯልና። በ1871 በራሷ የጽሑፍ ክፍያ አርንሽታት ውስጥ ትልቅ ቤት ሠራች። ቤቱ «ማርሊትስሃይም» ተባለ፤ «የማርሊት ቤት» ማለት ነው። አባቷም የወንድሟም ቤተሰብ እዚያው አብረዋት ገቡ። የከሰረው ነጋዴ በስተርጅናው የገባው ልጁ በፈጠረችው ስም በተሠራ ቤት ነው።

በዚያን ጊዜ እሷ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት መራመድ አቅቷት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትንቀሳቀሰው። ከቤት እምብዛም አትወጣም፤ ታሪኮቿ ግን ባሕር ይሻገራሉ። አሜሪካ ውስጥ አኒስ ሊ ዊስተር የተባለች ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰቻቸው ፊላዴልፊያ ላይ ይታተሙ ነበር። አሜሪካ እስከ 1891 ድረስ ለውጭ አገር ደራሲዎች የቅጂ መብት ጥበቃ አትሰጥም ነበር።

ያው ስም ስድብ ሆነ

ዝናው ቂም ሳያመጣ አልቀረም። ዛሬ ከጀርመን ታላላቅ ደራሲዎች የሚቆጠረው ቴዎዶር ፎንታነ በ1879 ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ አማርሯል። ማርሊትን ጠቅሶ፣ እሱ ደራሲ ብሎ የማይቆጥራቸው ሰዎች መጽሐፋቸው ደጋግሞ እንደሚታተምና በየአገሩ እንደሚተረጎም፣ እሱን ግን ዞር ብሎ የሚያየው እንደሌለ ጽፏል። እውነቱን ለመናገር ቅሬታው ይገባናል። ግን ልብ በሉ፦ ጥያቄው «መጽሐፏ ጥሩ ነው ወይ?» ከሚለው አልፎ «እሷ ደራሲ ናት ወይ?» ወደሚለው ሄዷል።

ከሞተች በኋላ ነገሩ ባሰ። «ማርሊት» የሚለው ስም የርካሽ የፍቅር ታሪክ ምሳሌ ሆነ። ተቺዎች አንድን መጽሐፍ ሊያጣጥሉ ሲፈልጉ የእሷን ስም ያነሱ ነበር። ምሁራን መጽሐፎቿን እንደገና በቁም ነገር ማንበብ የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ነው። እነሱም ታላቅ ሥነ ጽሑፍ ነው ብለው አልተከራከሩም። የጠየቁት፣ ይህን ያህል ሴት ያነበበችው ነገር ምን ነበር የሚለውን ነው።

ኦይጌኒ ዮን በሰኔ 1887 በዚያው ቤቷ ከተማ በአርንሽታት አረፈች። «የጉጉት ቤት» የተባለ ልብ ወለድ ሳይጨርሱ ነው የተለዩት። ታሪኩን የጨረሰው ደራሲ «ቬ. ሃይምቡርግ» ይባላል። ይህስ ማን ይመስላችኋል? ቤርታ ቤረንስ የምትባል ሴት ናት። ከ20 ዓመት በላይ አልፎም የሴት ደራሲዋ ስም አሁንም በአንዲት ፊደል ተሸፍኖ ነበር።

ታዲያ ምን ቀረ?

የብዕር ስም ለእነዚህ ሴቶች ቁልፍ ነበር፤ ገበያውን ከፍቶላቸዋል። ክብሩን ግን አልከፈተላቸውም። ናውበርት ከ50 በላይ መጽሐፍ ጽፋ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የጉንደሮደ መጽሐፍ መቶ ዓመት በሳጥን ቆየ። ማርሊት በስሙ ቤት ሠራችበት፤ ስሙ ግን በኋላ መሳለቂያ ሆነ።

ዛሬ በሐሰት ስም ከሚጽፍ ሰው ሁሉ ጀርባ የሚደበቅ ጥፋት አለ ብለን እንቸኩላለን። አንዳንዴ አለ። አንዳንዴ ደግሞ በራሷ ስም ብትጽፍ ማንም የማያነባት፣ ወይም ቤተሰቧ ብዕሯን የሚቀማት ሴት ልትሆን ትችላለች። ስሙን ከማጋለጣችን በፊት ሰውዬው ለምን እንደተደበቀ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

እናንተስ? በብዕር ስም የሚጽፍ የምትወዱት ደራሲ አለ? ማንነቱ ቢወጣ ታሪኩን የምታነቡበት መንገድ ይቀየር ይሆን? ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ ታሪኩን የሚወድ ጓደኛ ካላችሁም አጋሩት።