ምድሩን ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» አይባልም

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «መሣሪያው መሬቱ ላይ ዝቅተኛ ጨረር ካሳየ ሰው ቢኖርበት ምን ችግር አለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የጨረር ደህንነት ባለሙያ ነኝና መልሴ አጭር ነው፦ ሳህኑም መታየት አለበት።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉትን የቢኪኒ ደሴቶች እንይ፦

1. አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. 23 የኑክሌር ሙከራዎች አደረገችባቸው።

2. በ1970ዎቹ ቀድሞ ተነስተው የነበሩ ነዋሪዎች ተመለሱ፤ የደሴቱን ኮኮናት በሉ፣ ውኃውን ጠጡ። ሰውነታቸው ሲለካ ሲዚየም-137 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጨምሮ ተገኘ። በ1978 ዳግም ተነሱ።

3. ምክንያቱ? የኮራል አፈር ፖታሲየም ያንሰዋል፤ ተክሉ በምትኩ ሲዚየም ይስባል።

ስለዚህ የጨረር መጠን ስሌታችን ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ ምን ያህሉ በደሴቱ እንደሚበቅል፣ ስንት ሰዓት ደጅ እንደሚውሉ ይጠይቃል። የሰዎቹን አኗኗር ሳይጠይቁ ግምት ማውጣት በሕይወታቸው መፍረድ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።